ፍላሽ ላይ የሚከርመው ፊልም፦ የተመሰገነ ሥራ ለማየት ለምን እናመነታለን?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ታክሲ ማዞሪያው አካባቢ፣ ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች አሉ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ፖስተሮች፤ ከዚህ ሌላ ብዙም ዕቃ የላቸውም። ዓርብ ማታ ደንበኛው ፍላሹን ይሰጥና ይዘረዝራል፦ አንድ አክሽን፣ አንድ የሕንድ፣ ለልጆቹ ካርቱን፣ የጀመረው የኮሪያ ድራማ ቀጣይ ክፍሎች። ሊከፍል እጁን ኪሱ ከከተተ በኋላ «ያንን ሽልማት ያገኘውንም ጨምርልኝ» ይላል። ልጁ ይጨምርለታል። በሳምንቱ ፍላሹ ተመልሶ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ታይቶ ይጠፋል፤ ሽልማት ያገኘው ግን እንዳለ ነው። «እሱን ተወው፣ አየዋለሁ» ይባላል። እንዲህ እየተባለ ወር ያልፋል፣ ክረምትም ይገባል።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ስለሚከርመው ፊልም ነው። ዓለም ያመሰገነው፣ የምናከብረው ሰው «ሳታየው እንዳትቀር» ያለን፣ ልባችን ግን «ይደብርሃል» እያለ የሚያስጠነቅቀን ፊልም። ይህን ማመንታት ስንፍና ወይም አለማወቅ አድርገው የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። በአንጻሩ «ሽልማት የሚሰጠው ማንም ለማያየው ፊልም ነው» ብለው በሩን የሚዘጉም አሉ። ሁለቱም የቸኮለ ፍርድ ይመስለኛል። ምስጋናውና ጥርጣሬው የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው። ምስጋናው «ሥራው ትልቅ ነው ወይ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ጥርጣሬው የሚመልሰው ደግሞ «እኔ፣ ዛሬ ማታ፣ ይህን ፊልም እዘልቀዋለሁ ወይ?» የሚለውን ነው። አንዱ ሌላውን ስለማይሽር ሁለቱንም ፈታ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ፊልሙ ለምን እንደሚከርም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሪድ፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ሾባና ካልያናራማን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሰዎች ከባድና ቀላል ፊልሞች ከተደባለቁበት ዝርዝር ውስጥ እንዲመርጡ አደረጉ። ለዚያው ዕለት ሲመርጡ ሰዎቹ ወደ ቀልዱና ወደ አክሽኑ አዘነበሉ። ለሚቀጥሉት ቀናት አስቀድመው ሲመርጡ ግን እንደ «ሺንድለርስ ሊስት» ያሉትን ከባድ ፊልሞች በብዛት ያዙ። ሰው ለነገ ሲመርጥ የሚገባውን ያስባል፣ ለዛሬ ሲመርጥ ያማረውን ያነሣል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ካትሪን ሚልክማን፣ ቶድ ሮጀርስና ማክስ ቤዘርማን በአውስትራሊያ ዲቪዲ በኢንተርኔት የሚያከራይ ድርጅት የኪራይ መዝገብ መረመሩ። ተከራዮቹ «ማየት ይገባኛል» ከሚሏቸው ወገን የሆኑት ፊልሞች «ማየት አማረኝ» ከሚሏቸው ይልቅ ቤት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ የአባዶው ደንበኛ የተለየ ጉድለት የለበትም፤ በየትኛውም አገር ያለ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ ይብሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጥቶ፣ ማታ መገናኛ ተሰልፎ፣ ቆሞ ተሳፍሮ፣ ቤቱ ሲገባ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል። ራት ቀርቦ፣ ልጆቹ ገብተው፣ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት 2:30 ነው። ፊልሙ የ3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከሆነ፣ መብራት ካልሄደ፣ 6 ሰዓት ሊሆን 9 ደቂቃ ሲቀረው ያልቃል። በማግስቱ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ መነሣት አለ። በእንዲህ ያለ ማታ ቀላሉን መምረጥ የጣዕም ጉድለት አይደለም፤ ጉልበቱ አልቋል። ሐሙስ ማታ ስለ አንድ ፊልም የሚሰማን ጥርጣሬ ብዙውን ጊዜ ስለ ፊልሙ የሚነግረን ትንሽ ነው፤ የሚናገረው ስለ ሐሙስ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናው እንለፍ። «የተመሰገነ» ሲባል ማን፣ እንዴት አድርጎ እንዳመሰገነው ካልታወቀ ቃሉ ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የሚያሳየው፣ የሃያሲዎችን አስተያየት የሚሰበስበው የሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ በመቶኛ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። 95 በመቶ ሲባል ፊልሙ ከመቶ 95 አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ ሃያሲዎች 95ቱ አስተያየታቸው ወደ መልካም አደላ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው «ደህና ነው፣ ይታያል» ብለው ብቻ ቢያልፉም ቁጥሩ ያው 95 ነው። በሌላ በኩል 60 ሃያሲ «በዕድሜዬ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል» ያለው፣ 40 ሃያሲ ግን የጠላው ፊልም 60 ላይ ይቀራል። ከፍተኛ ቁጥር የሚነግረን ብዙ ሰው አለመከፋቱን ነው። እጅግ የሚወዱት ሰዎች ያሉት ፊልም ዝቅ ባለ ቁጥር ሥር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው 97 በመቶ አይቶ «እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ አይሸማቀቅም።

ሌላው የሃያሲዎች ምርጫ ነው። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት የሚያሳትመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሃያሲዎችን «የምንጊዜም ምርጥ 10 ፊልሞችህን ጻፍ» እያለ ይጠይቃል። በ1952 አንደኛ የወጣው የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ከ1962 እስከ 2002 ድረስ «ሲቲዝን ኬን» ቦታውን ይዞ ቆየ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ገለበጠው፤ በ2022 ደግሞ የቤልጂየማዊቷ ዳይሬክተር የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ። አንድ ነገር ልብ እንበል። በ2012 ድምፅ ከሰጡት 846 ሰዎች መካከል «ቨርቲጎ»ን በዝርዝራቸው ያስገቡት 191 ነበሩ። ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም። በዚያ ዓመት «የዓለም ምርጥ ፊልም» የተባለውን ከአራቱ ሃያሲዎች ሦስቱ ከአሥር ምርጦቻቸው ውስጥ አልከተቱትም። ይኸው ፊልም በ1958 ሲወጣ አቀባበሉ የተደበላለቀ ነበር፤ እስከ 1982 ድረስም ከአሥሩ ውስጥ አልገባም። በዚህ ዝርዝሩን ማጣጣሌ አይደለም፤ ከልቤ እወደዋለሁ፣ ብዙ ነገር የማገኘው ከእሱ ነው። ግን ዝርዝሩ የብዙ ሰዎች ፍቅር የተገናኘበት ቦታ እንጂ በእያንዳንዳችን ላይ የወጣ ትእዛዝ አይደለም።

የፌስቲቫል ሽልማት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዳኞች ተቀምጠው የሚወስኑት ነው። ኦስካር ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የሙያው ሰዎች ድምፅ ነው፤ ለዋናው የምርጥ ፊልም ሽልማት ዕጩዎቹን በደረጃ ስለሚያስቀምጡ፣ ብዙዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ያደረጉት ፊልም ሊያሸንፍ ይችላል። ኦስካር ሰጪው አካዳሚ በ2025 አንድ አዲስ ደንብ አውጥቷል፤ በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት አባላቱ በዚያ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት አለባቸው። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ሳያዩ መምረጥ ይቻል ነበር። ደንብ ካስፈለገ፣ ከባዱን ፊልም ለነገ ማሳደር የሆሊውድ ባለሙያዎችም ጠባይ ነበር ማለት ነው።

ምስጋናውን እንዲህ ከፈታን በኋላ ጥርጣሬያችንን ደግሞ እንጠይቀው፤ «ምኑን ነው የፈራኸው?» እንበለው። መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም፣ የሚገባው ምላሽም አንድ አይደለም።

በጣም የተለመደው ፍርሃት «ይንቀራፈፋል» የሚለው ነው። «ዣን ዲልማን»ን እንውሰድ፤ ያ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም እሱ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት የብራስልስ እናት ከልጇ ጋር የምትኖርበትን ቤት ሦስት ቀን ያሳየናል። አልጋ ታነጥፋለች፣ ጫማ ትወለውላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ድንች ትልጣለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ድንቹ ተልጦ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። አንዲት የአባዶ እናት ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍና ልብስ ስታጥብ ውላ፣ ማታ ተቀምጣ ሌላዋ ሴት ድንች ስትልጥ ልታይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጨዋነት ሊመለስም ይገባዋል።

የእኔ መልስ ይህ ነው። አንደኛው ቀን ላይ የሴትየዋን ሥርዓት እንማራለን። የትኛው መብራት መቼ እንደሚጠፋ፣ ድንቹ ምን ያህል እንደሚቀቀል፣ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ እናውቃለን። ሁለተኛው ቀን ላይ ድንቹ ከልክ በላይ ይበስልባታል። ድስቱን ይዛ ከክፍል ክፍል ትዞራለች፤ የት እንደምታደርገው ግራ ገብቷታል። ያን ጊዜ እኛ እንደነግጣለን። ማንም አልጮኸም፣ ሙዚቃ የለም፣ ከልክ በላይ የበሰለ ድንች ብቻ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ነገር መናድ እንደ ጀመረ ይገባናል። የአንደኛው ቀን ዝግታ ባይኖር ይህ ድንጋጤ አይኖርም ነበር። ደግሞም የቤት ሥራ በሲኒማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ የሚጣል ነገር ነው፤ ይህች በ20ዎቹ ዕድሜዋ የነበረች ዳይሬክተር ግን ሥራውን ከነሙሉ ሰዓቱ አስቀመጠችው። ያቺ ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለች እናት ፊልሙን ባታየውም፣ የእሷ ድካም ሦስት ሰዓት ሙሉ በትኩረት ሊታይ የሚገባው ነገር ተደርጎ መቆጠሩን ማወቅ ያስደስተኛል።

«እኛ ዝግታ አንችልም» የሚለውን አባባል ግን አልቀበልም። በሁዳዴ የበገና መዝሙር ሲደመጥ «ይንቀራፈፋል» ብሎ የሚያጠፋው ማን ነው? ቅዳሴ ላይ ሰዓታት ቆመን እናስቀድሳለን። በገና ስንከፍት የምንጠብቀውን እናውቃለን፤ ከጭፈራ ዘፈን ጋር አናወዳድረውም። ፊልም ላይ ስንደርስ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን፣ በአክሽን ሚዛን፣ እንመዝናለን። ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጥቁርና ነጭ ነው፤ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል፤ ገበሬው ሲያርስ፣ እረኛዋ ስትውል፣ ባለርስቱ ሲቆጣ በገበሬው ሰዓት ያሳያል። በአክሽን ሚዛን ገና በአሥር ደቂቃው ይወድቃል። በራሱ ሚዛን ግን የአንድን ሥርዓት ክብደት ትከሻ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ «ይንቀራፈፋል» የሚለውን ጥርጣሬ ብዙም አንመነው እላለሁ። ይህ ፍርሃት ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀውን ካለማወቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ አንድ ጥሩ ጥቆማ ያቃልለዋል። «አሮጌ ነው»፣ «ሰብታይትሉ ያደክማል» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዓይን ይለምዳቸዋል።

ሁለተኛው ፍርሃት የኀፍረት ነው፤ ሰው «ባይገባኝስ?» ይላል። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ፒየር ቡርዲዩ በ1979 ባሳተመው ትልቅ ጥናት፣ የምንወደው ሙዚቃና የምናየው ፊልም ከትምህርትና ከኑሮ ደረጃ ጋር እንዴት እንደሚቆራኝ፣ ሰዎችም ጣዕማቸውን ከሌላው ለመለየት እንዴት እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል። ይህ በእኛም ከተማ አለ። ስድስት ኪሎ ባለው ጎተ ኢንስቲትዩት ወይም ፒያሳ ባለው አሊያንስ ፊልም ታይቶ ውይይት ሲከፈት፣ ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ታክሲ ይዞ የመጣው ወጣት ዝም የሚለው ሐሳብ አጥቶ አይደለም፤ የሚጠቀሙበት ቋንቋ ያስፈራዋል። ዝም ማለቱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ስለ ድህነት፣ ስለ ጠባብ ቤት፣ ስለ ሥራ ፍለጋ የሚናገር ፊልም ላይ እሱ የሚያየውን ሌላው ላያየው ይችላል። «የብስክሌት ሌቦች» የሚናገረው ብስክሌቱ ከተሰረቀ ሥራውን ስለሚያጣ የሮም አባወራ ነው። ሞተሩ የተሰረቀበት የኮዬ ፈጬ ዴሊቨሪ ሠራተኛ ይህን ፊልም ለመረዳት ማንም እንዲተረጉምለት አያስፈልግም። ኀፍረትን መነሻ ያደረገ ጥርጣሬ ካለ፣ ጨርሶ ሊታመን አይገባም።

ሦስተኛው ፍርሃት ግን ሌላ ነው፤ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ፣ ቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር፣ እግሩን አጥቶ፣ በቅዠት እየተሠቃየ፣ እናቱ መንደር ውስጥ ተቀምጦ ያሳለፈውን ያስታውሳል። ደርግ አለ፣ የተገደሉ ጓደኞች አሉ፣ ለጦርነት የሚታፈሱ ልጆች አሉ። እኛ ብሎክ ላይ አንድ ቅዳሜ ወጣቶቹ ይህን ፊልም ሳሎን ውስጥ ሲያዩ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አብረው ተቀምጠው ነበር። ጥቂት እንደ ሄደ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እትዬ፣ ምነው? ገና እኮ ነው» ሲሏቸው፣ «እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው እኮ ልጆቼ፤ እናንተ እዩት» ብለው ወጡ።

እትዬ ልክ ናቸው። ፊልሙንም አልናቁም። በቬኒስ አዳራሽ የተቀመጠ ዳኛ ለዚህ ታሪክ እንግዳ ነበር፤ ፊልሙ የሚያሳየውን ሲያይ ዓይኑ ይገለጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ወንድሟ ሬሳው መንገድ ላይ ለወደቀባት ሴት ግን ያው ምስል የሚጨምርላት እውቀት የለም፤ የዳነውን ቁስል ብቻ ይነካል። «ድፍረት»ም እንደዚሁ ነው። በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የምትቆምበትን ችሎት ይተርካል። ተመልካቹ ራሱ መርጦ የሸለመው ነው፣ «ይደብራል» የሚባል አይደለም። ሆኖም ጠለፋን በራሷ ወይም በእኅቷ ላይ ያየች ሴት «አልችለውም» ካለች፣ ምንም ያህል ሽልማት ቢቆለል ያንን ቃል አይሽረውም። ከሕመም የሚመጣ ጥርጣሬ ሲኖር ጥርጣሬውን ማመን ነው። ታሪኩን ማወቅ ያለባቸው ልጆቹ ናቸው፤ እነሱ ይዩት።

እዚህ ላይ አንድ የሚረዳ ልዩነት አለ። ሜሪ ቤት ኦሊቨርና አን ባርች በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ከፊልም የሚያገኘው ነገር መዝናናት ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ያላዝናናን ፊልም ሊነካን፣ ሊያሳስበንና ከእኛ ጋር ሊቆይ ይችላል፤ መዝናናትና መነካት ለየብቻ ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ «እንደማልዝናናበት አውቃለሁ» ማለት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ «ስለዚህ አይጠቅመኝም» ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው ፊልሞች የሳቅንባቸው ብቻ አይደሉም።

ታዲያ ራስን ማስገደድ ይጠቅማል? በመጠኑ። በ2013 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ተማሪዎችን በተደጋጋሚ ሁለት ዓይነት ሥዕል አሳየ፤ የቶማስ ኪንኬድን ለገበያ የሚሣሉ ጣፋጭ ሥዕሎችና የ19ኛው ክፍለ ዘመኑን የጆን ኤቨረት ሚሌን። የኪንኬድ ሥዕሎች በታዩ ቁጥር ተወዳጅነታቸው ቀነሰ፤ የሚሌ ግን እንዲያ አልወረደም። መደጋገም ሁሉን ነገር አያስወድድም፤ ጥሩውን ግን አያረክሰውም። ከዚህ የምወስደው፣ ጥሩ ሥራ በአንድ ድካም በተሞላ ማታ ባይገባንም ሌላ ዕድል ቢሰጠው የማያሳፍር መሆኑን ነው።

በተግባር እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። ከባዱ ፊልም ለሥራ ቀን ማታ አይሰጠው፤ እሑድ ከሰዓት ወይም የበዓል ማግስት ይሻለዋል። ባለ ሦስት ሰዓቱን ለሁለት ቀን መክፈልም ይቻላል፤ «ዣን ዲልማን» ራሱ በቀን በቀን የተከፈለ ነው። ጀማሪ ከአጭሩ ይጀምር፦ «የብስክሌት ሌቦች» አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በ2015 ካን ፌስቲቫል ይፋዊ መርሐ ግብር ውስጥ የገባው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም ከዚያ ብዙ አይረዝምም፤ ቋንቋው የራሳችን ነው፣ የአንድ ልጅና የበጉ ታሪክ ነው። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ግማሽ ሰዓት በሙሉ ልብ ታይቶ ካልያዘ ማቆም ነውር የለውም። ፍላሽ ለማስጫን የወጣው ብር፣ የጠፋው ግማሽ ሰዓት፣ «ከጀመርኩ ልጨርሰው» የሚያሰኙ ናቸው፤ ግን ቀሪውን ሁለት ሰዓት መስጠት የሄደውን አይመልሰውም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ያመሰገነውን ሰው «ምኑን ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ድንቹ የተበላሸባት ጊዜ ደነገጥኩ» ካለ፣ ምን እንደሚጠበቅ ነግሮናል፤ እንደዚያ ዓይነት ድንጋጤ ዛሬ እንፈልግ አንፈልግ እኛው እንወስናለን። «ኦስካር ወስዷል እኮ» ብቻ ካለ ግን ሌላ ሰው እንጠይቅ።